የንግድ ሥራ ዋጋና እሴት፦ ከታዳውል ገበያ እስከ ቤት ውስጥ ሥራ

በሪያድ የንግድ ጎዳናዎች የሚመላለስ ሰው በሱቆች መስተዋት ላይ ተለጥፎ ደጋግሞ የሚያየው አንድ ቃል አለ፤ «ሊትተቅቢል» ይላል። ከሥሩ የስልክ ቁጥር ይከተላል። በመጽሐፍ ዐረብኛ «ተቅቢል» መሳም ማለት ነው፤ በሳዑዲ የገበያ ቋንቋ ግን በሥራ ላይ ያለን ሱቅ ከነዕቃው፣ ከነኪራዩና ከነደንበኛው ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ማለት ሆኗል። ልብስ ማጠቢያው፣ ቡፊያው፣ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ቤቱ፣ በቃላው ሁሉ በዚህ ቃል ይሸጣል። ስልኩን አንስቶ ለጠየቀ ሰው ሻጩ አንድ ቁጥር ይነግረዋል። ያ ቁጥር ከየት እንደ መጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሻጩም ራሱ አጥርቶ አያውቀውም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ቁጥር ነው። አንድ የንግድ ሥራ ምን ያህል ያወጣል? በምንስ ምክንያት ያድጋል? ጥያቄው ለዓለም ታላላቅ ኩባንያዎችም ሆነ ለአንዲት ልብስ ማጠቢያ ቤት አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው የዜሮዎቹ ብዛት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ለሚኖሩና ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ጥያቄው የዕውቀት ብቻ አይደለም። ለዓመታት ተለፍቶ የተጠራቀመ ሪያል በአንድ ቀን ፊርማ ወደ ሱቅ፣ ወደ አክሲዮን ወይም አገር ቤት ወደሚጀመር ሥራ ይሄዳልና።

ከቃሉ እንጀምር። ዐረብኛ «ሲዕር» እና «ቂማ» ብሎ ሁለት ነገር ለይቶ ይጠራል። የመጀመሪያው ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ነገሩ በእርግጥ የሚሰጠው ጥቅም ነው። አማርኛችን «ዋጋ» በሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም ስለሚያሸክም ተርጓሚን ያስቸግራል፤ ገዢንም አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። እዚህ ላይ የሚከፈለውን ገንዘብ «ዋጋ»፣ ሥራው ለባለቤቱ የሚያስገኘውን ጥቅም ደግሞ «እሴት» ብለን እንለያቸው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአክሲዮን ገበያ ስሌት

የአንድ ኩባንያ የገበያ ዋጋ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአክሲዮኖቹ ብዛት በአንዱ አክሲዮን ዋጋ ይባዛል። የሳዑዲ አራምኮ አክሲዮኖች በሪያዱ የታዳውል ገበያ መሸጥ የጀመሩት ዲሴምበር 11 ቀን 2019 ነው። ኩባንያው 200 ቢሊዮን አክሲዮኖች ነበሩት፤ የአንዱ መነሻ ዋጋ 32 ሪያል ነበር። ብዜቱ 6.4 ትሪሊዮን ሪያል ይሰጣል፤ በ3.75 ሲመነዘር 1.7 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ለሕዝብና ለተቋማት የቀረበው ግን ከመቶ 1.5 ብቻ፣ ማለትም 3 ቢሊዮን አክሲዮን ነበር፤ ከዚያም 25.6 ቢሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። እንግዲህ የቀሪው 98.5 ከመቶ ዋጋ የተገመተው በተሸጠችው ትንሽ ክፍል ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው የግብይት ቀን አክሲዮኑ ወደ 35.2 ሪያል ከፍ ሲል የኩባንያው ዋጋ በወረቀት ላይ ከ600 ቢሊዮን ሪያል በላይ ጨመረ። በዚያ ቀን አዲስ የነዳጅ ጉድጓድ አልተቆፈረም፤ የጨመረው ሰዎች ለመክፈል የፈቀዱት መጠን ነው።

የተገላቢጦሹም ደርሷል። የታዳውል ጠቅላላ መለኪያ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2006 ከ20,600 ነጥብ በላይ ደርሶ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከ8,000 በታች ወርዶ ተገኘ። ፋብሪካዎቹ፣ ባንኮቹና መደብሮቹ በቦታቸው ነበሩ። የጠፋው በዋጋና በእሴት መካከል የተነፋው ልዩነት ነው፤ በዚያ ልዩነት ውስጥ ቁጠባቸውን ያስገቡ ብዙ ቤተሰቦች ደግሞ ነበሩ። በሳዑዲ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች በአገሪቱ ገበያ በቀጥታ አክሲዮን እንዲገዙና እንዲሸጡ የተፈቀደላቸውም በዚያው በ2006 ነው። ዛሬም ሕጋዊ ኢቃማ ያለው ሰው በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል የመዋዕለ ንዋይ ሂሳብ ከፍቶ መግዛት ይችላል። ይህን የማያውቁ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። በአንጻሩ በማኅበራዊ ሚዲያ «ገንዘብህን በሳምንት እጥፍ እናደርጋለን» የሚል ያልታወቀ ሰው ሲመጣ ገንዘባቸውን የሚያስረክቡ አሉ፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በአገራችንም ይኸው ስሌት በቅርቡ በሕዝብ ፊት ተሠርቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ኦክቶበር 16 ቀን 2024 ከድርሻው ከመቶ 10ሩን ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ አቀረበ፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። ከመቶ አሥሩ 30 ቢሊዮን ብር ከሆነ ኩባንያው በጠቅላላ 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። አንድ ሰው ከ33 አክሲዮን ያላነሰ፣ ከ3,333 ያልበለጠ እንዲገዛ ተወሰነ። ሽያጩ በፌብሩዋሪ 2025 ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ ነበር፤ ገንዘቡም 3.2 ቢሊዮን ብር። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 በይፋ ተመርቆ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። የቀረበ ዋጋና የተገኘ ገዢ ሁልጊዜ እንደማይገጣጠሙ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የቅርብ ምሳሌ የለም።

እቁብና የነገ ገንዘብ

የገበያ ዋጋ እሴትን ካላሳየ እሴትስ በምን ይለካል? አንዱ መንገድ የመዝገብ ዋጋ ነው፤ ያለው ንብረት ተደምሮ ዕዳው ይቀነሳል። ማሽን፣ የተከማቸ ዕቃ፣ ባንክ ያለ ገንዘብ፣ ሰው ዘንድ ያለ ያልተሰበሰበ ሂሳብ በአንድ ወገን፤ የአቅራቢ ዕዳ፣ ያልተከፈለ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ በሌላ ወገን። የእስልምና ሊቃውንት የንግድ ዕቃ ዘካ ሲያሰሉ አብዛኞቹ የሚይዙት ዕቃው የተገዛበትን ሳይሆን ዘካው በደረሰበት ቀን ያለውን ዋጋ ነው፤ የዛሬ የሂሳብ ባለሙያዎችም የሚከራከሩበት ነጥብ ይኸው ነው።

ሆኖም ሱቅ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የትናንት ንብረት ብቻ አይደለም፤ በየወሩ የሚመጣውን የነገ ገንዘብ ነው። የነገ ገንዘብ ደግሞ ከዛሬው ያንሳል። ይህን ለመረዳት የፋይናንስ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እቁብ የጣለ ሰው ያውቀዋል። አሥር ሰዎች በወር 1,000 ሪያል እየጣሉ ለአሥር ወር ቢሰበሰቡ ሁሉም የሚወስደው 10,000 ሪያል ነው። የመጀመሪያውን ዕጣ ያገኘ ሰው ያለ ወለድ ብድር ወሰደ፤ የመጨረሻውን ያገኘ ያለ ትርፍ አበደረ። ስለዚህም ነው ገንዘብ የቸኮለበት ሰው ዕጣ ከወጣለት አባል ተራውን ቀንሶ ለማግኘት የሚለምነው። ለዕጣው የተቀነሰው ገንዘብ የጊዜ ዋጋ ነው። ዐረቦቹ «ጀምዕያ» ብለው የሚጥሉት እቁብም በዚሁ ሥርዓት ይሠራል።

የኩባንያ ገማቾች የሚያደርጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በየዓመቱ ይገባል የሚሉትን ጥሬ ገንዘብ ዘርዝረው፣ የራቀውን ይበልጥ፣ አስተማማኝ ያልሆነውንም ይበልጥ እየቀነሱ ይደምራሉ። በዓመት ከመቶ 10 ቢቀነስ የዛሬ ዓመት የሚገኝ 1,000 ሪያል ዛሬ 909 ሪያል ገደማ ያወጣል። አደጋው የበዛ ሥራ ላይ ቅናሹ ከመቶ 30 ወይም 40 ሊሆን ይችላል። ትልልቅ ኩባንያዎች ከዓመታዊ ትርፋቸው አሥር፣ አሥራ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሲሸጡ አንዲት ሱቅ ሁለትና ሦስት እጥፍ ብቻ የምታወጣው ስለዚህ ነው። ኩባንያው ሥራ አስኪያጁ ቢለቅ ይቀጥላል። ሱቋ ግን ባለቤቷ በር ላይ ካልቆመ የማትቀጥል ልትሆን ትችላለች።

ልብስ ማጠቢያ ቤቷ

አሁን ወደ መስተዋቱ እንመለስ። በአንድ የሪያድ ሰፈር ያለች ልብስ ማጠቢያ ቤት ለተቅቢል ቀርባለች እንበል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው። ሻጩ በወር 24,000 ሪያል ይገባል ይላል። ኪራይ 5,000፣ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ 5,000፣ መብራትና ውሃ 1,800፣ ሳሙና፣ ላስቲክና ማንጠልጠያ 2,200፣ የኢቃማ፣ የሥራ ፈቃድና የባላዲያ ክፍያዎች ለወር ሲካፈሉ 1,500፣ ጥገና 500። ወጪው 16,000 ነው፤ 8,000 ሪያል ይተርፋል። በዓመት 96,000። «የሁለት ዓመት ትርፍ ክፈለኝና ውሰዳት» ሲል 192,000 ሪያል ይጠይቃል። ስሌቱ ሲታይ ትክክል ይመስላል።

ግን ባለቤቱ ራሱ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት መቀበያው ላይ ይቆማል፤ ለራሱ ደመወዝ አልያዘም። በእርሱ ቦታ ሰው ቢቀጠር 3,500 ሪያል ይጠይቃል፤ ስለዚህ እውነተኛው ወርሃዊ ትርፍ 4,500፣ በዓመት 54,000 ነው። ማሽኖቹም አርጅተዋል። 60,000 ሪያል የሚያወጣ ማሽን ስድስት ዓመት ቢያገለግል በየዓመቱ 10,000 ሪያል እያለቀ ነው፤ 44,000 ቀረ። የሁለት ዓመቱ 88,000 ሆነ። ከ192,000 ወደ 88,000 የወረድነው ማንም ሳይዋሽ ነው። ሻጩ የጠራው ቁጥር ሁሉ እውነት ነበር፤ ያልጠራቸው ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። ብዙ ሰው በዚህ ስሌት ደመወዙን ትርፍ አድርጎ ይገዛል፤ ማለትም ሥራ ለመቀጠር አስቀድሞ ይከፍላል።

ቀጥሎ የኪራይ ውሉ ይመጣል። የሱቅ እሴት በአብዛኛው ቦታው ነው፤ ቦታው ደግሞ የሱቁ ባለቤት አይደለም፣ የሕንፃው ባለቤት ነው። ውሉ በኢጃር መድረክ ተመዝግቧል ወይ? መቼ ያበቃል? አከራዩ አዲሱን ሰው ይቀበላል ወይ? በሪያድ ይህ ነጥብ በቅርቡ ተለውጧል። በሴፕቴምበር 2025 በወጣው ውሳኔ በከተማዋ ክልል ውስጥ የመኖሪያም የንግድም ኪራይ ጭማሪ ለአምስት ዓመት ታግዷል፤ ቀድሞ ተከራይቶ የነበረ ባዶ ቤትም በመጨረሻው የተመዘገበ ውል ዋጋ እንዲከራይ ተደንግጓል። የኪራይ ወጪው ለዓመታት የታወቀ ሱቅ የነገ ገንዘቡ ይበልጥ አስተማማኝ ስለሚሆን እሴቱ ከፍ ይላል። ያልተመዘገበ የቃል ውል ይዞ ይህን ጥቅም እቆጥራለሁ ማለት ግን አያዋጣም።

የመልካም ስም ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ዐረብኛው «ሹህራ» ይለዋል፤ የሂሳብ ቃልም ሆኖ ያገለግላል፤ ከንብረቱ ዋጋ በላይ የሚከፈለው ትርፍ ክፍያ ነው። ጥያቄው ስሙ የማን ነው የሚለው ነው። ደንበኛው የሚመጣው «የእገሌን ልብስ ማጠቢያ» ብሎ ከሆነ እገሌ ሲሄድ ደንበኛውም ሊሄድ ይችላል፤ ከሁለት መንገድ በኋላ አዲስ ሱቅ ቢከፍት ደግሞ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ሻጩ በዚያው ሰፈር ለተወሰነ ዓመት ተመሳሳይ ሥራ እንዳይከፍት በውሉ ላይ ያስጽፋል፤ የሱቁን ስልክ ቁጥርና የጉግል ካርታ ገጹንም ከነግምገማው ይረከባል። የተጨማሪ እሴት ታክስም መታየት አለበት። ታክሱ ከጁላይ 2020 ጀምሮ 15 ከመቶ ነው፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ375,000 ሪያል ያለፈ ሥራ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። የእኛ ልብስ ማጠቢያ ቤት ዓመታዊ ሽያጭ 288,000 ስለሆነ ግዴታው የለባትም። ሻጩ «በወር 35,000 አስገባለሁ» ብሎ የታክስ ምዝገባ ከሌለው ግን ወይ ገቢውን አጋንኗል፣ ወይ ዕዳ አለበት።

በሰው ስም የቆመ ሱቅ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ገዢው በሕግ መግዛት ሲችል ነው። በትርጉም ሥራዬ የሚያጋጥመኝ ግን ከዚህ የተለየ ወረቀት ነው፤ ግማሽ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ሁለት ምስክር ያለው። አንድ ወገናችን ይህን ያህል ሺህ ሪያል «በአደራ» ለአንድ የአገሩ ዜጋ እንደ ሰጠ ይናገራል። ስለ ሱቅ አንድም ቃል የለበትም። አምጪው ሱቁ የእርሱ መሆኑን ያምናል፤ ወረቀቱን ተርጉመን ስንጨርስ ግን አንዳችን ሌላችንን ለማየት እናፍራለን።

ይህ «ተሰቱር» ይባላል፤ የውጭ ዜጋ ፈቃድ ሳይኖረው በሌላ ሰው ንግድ ፈቃድ ለራሱ መነገድ ነው። በ2020 የወጣውና በፌብሩዋሪ 2021 ሥራ ላይ የዋለው የንግድ ተሰቱር መከላከያ ሕግ ስሙን ባበደረውም በተበደረውም ላይ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ደንግጓል፤ ሕገ ወጥ ገንዘቡ ይወረሳል፣ የውጭ ዜጋው ከአገር ይወጣል። የኤሌክትሮኒክ ማስረጃም ተቀባይነት አለው፤ የባንክ ዝውውርና የስልክ መልእክት ጭምር ማለት ነው። መንግሥት እስከ ፌብሩዋሪ 2022 ሁኔታቸውን ለሚያስተካክሉ የምሕረት ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ አልፏል።

ቅጣቱን ወደ ጎን ትተን በእሴት ሚዛን ብቻ እንመዝነው። በሰው ስም ያለ ሱቅ ሊሸጥ አይችልም፤ ሻጩ በሕግ ሻጭ አይደለምና። በዋስትና አይያዝም፤ ለልጅ አይወረስም፤ ባለ ስሙ አንድ ቀን «ውጣ» ቢል የሚከራከርበት ወረቀት የለም። ወርሃዊ ገቢው ምንም ያህል ቢሆን የዛሬ እሴቱ ባለ ስሙ በሚፈቅደው ቀን ልክ ነው። «ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚሠራው» የሚለው መልስ ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ሕጋዊ በሮች አሉ፤ ጠባብ ናቸው፣ ግን አሉ። አንዱ በኢንቨስትመንት ሚኒስቴር በኩል የውጭ ባለሀብት ሆኖ መመዝገብ ነው፤ አዲሱ የኢንቨስትመንት ሕግ በፌብሩዋሪ 2025 ሥራ ላይ ውሏል። ሌላው በ2019 የተጀመረው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ቋሚው 800,000 ሪያል፣ በየዓመቱ የሚታደሰው 100,000 ሪያል የሚጠይቅ ሲሆን በ2024 ለሥራ ፈጣሪዎችና ለባለሀብቶች የሚሆኑ ተጨማሪ ዓይነቶች ወጥተዋል። ለአብዛኛው ደመወዝተኛ እነዚህ ሩቅ ናቸው። ለእርሱ የቀረበው በር የታዳውል አክሲዮንና አገር ቤት የሚቆም ሥራ ነው።

ከቤት የሚጀመር

በሳዑዲ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ «አምራች ቤተሰቦች» በሚል ስም ተደራጅቷል። የቀሲም ክሌጃ፣ በ2023 ብሔራዊ ምግብ የተባለው ጀሪሽ፣ ዕጣን፣ ጥልፍ የመሳሰሉት ከቤት እየወጡ በዐውደ ርዕይና በመተግበሪያዎች ይሸጣሉ። በ1971 የተመሠረተው የማኅበራዊ ልማት ባንክ ለእነዚህ ዜጎች ገንዘብ ያበድራል፤ በ2016 የተቋቋመው የጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ባለሥልጣን «መንሻኣት» ያሠለጥናል፣ ያማክራል። ራእይ 2030 የጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በአገር ውስጥ ምርት ያላቸው ድርሻ ከመቶ 20 ወደ 35 እንዲያድግ ግብ ጥሏል። በመንሻኣት መለኪያ እስከ አምስት ሠራተኛና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል ዓመታዊ ገቢ ያለው ድርጅት ጥቃቅን ይባላል፤ እስከ 49 ሠራተኛና 40 ሚሊዮን ሪያል ያለው አነስተኛ ነው።

ይህ መንገድ ለዜጎች የተከፈተ ነው። የሥራ ሕጉ አንቀጽ 39 አሠሪ ሠራተኛው ለሌላ ወይም ለራሱ እንዲሠራ መፍቀድን ስለሚከለክል በኪራይ ክፍሏ እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩ ሰው የምትሸጥ እኅት ምን ያህል ብትለፋ ሥራዋ ፈቃድ የሌለው ነው። ይህን ስናገር ልፋቷን አሳንሼ አይደለም። በመንፉሓና በአካባቢው ስንት ልጅ በእንጀራ ገንዘብ እንደ ተማረ የምናውቀው ነው። ሆኖም ደንበኛዋ ሁሉ በቃል፣ ገንዘቧ ሁሉ በእጅ ስለሆነ አገር ስትገባ ይዛው የምትሄደው ሙያዋን እንጂ ሥራዋን አይደለም።

ሙያው ሥራ የሚሆነው እንዴት ነው? ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር በአያቷ ግቢ ውስጥ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሶልሬብልስን ስትጀምር የነበሯት አምስት ሠራተኞችና ከቤተሰብ የተገኘ ጥቂት ገንዘብ ነበሩ። የጫማው ሶል ከአሮጌ ጎማ ይሠራ ነበር፤ ሐሳቡ እያንዳንዱ የአገራችን ሰው የሚያውቀው በርባሶ ነው። በርባሶ በየገበያው በጥቂት ብር ይሸጣል፤ ሶልሬብልስ ግን ወደ ውጭ አገር መደብሮች ገባ። በመካከል የተጨመረው ንድፍ፣ አንድ ዓይነት ጥራትና ስም ነው። ማንም ሰው ጎማ መቁረጥ ይችላል፤ ስሙን ግን መጠቀም አይችልም። እሴቱ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ኃይሉ ተሰማ በ2003 አዲስ አበባ የመሠረተው ማማ ፍሬሽም እንጀራን ከጓሮ ሥራ አውጥቶ በአውሮፕላን የሚጫን ምርት አደረገው።

በሪያድም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ዛሬ በየከተማው ትልልቅ መደብሮች ያሉት ጀሪር በ1970ዎቹ በጀሪር ጎዳና የተከፈተ ትንሽ የመጻሕፍት ሱቅ ነበር፤ ስሙን ያገኘው ከጎዳናው ነው። አል-ራጅሂ ባንክ በ1957 ሲጀምር የገንዘብ ምንዛሪ ሥራ ነበር።

በቤት ውስጥ ሥራ ትልቁ ስሕተት የራስን ጉልበት በነጻ ማስላት ነው። በቀን 100 እንጀራ የምትጋግር ሴት ከእያንዳንዱ አምስት ብር አተርፋለሁ ስትል ጤፉን ቆጥራለች። ሊጥ ለማቡካት፣ ምጣድ ፊት ለመቆምና ለማድረስ የሚወስደውን ስምንት ሰዓት፣ የመብራቱን፣ የሚሰነጠቀውን ምጣድ አልቆጠረችም። ሥራው ሲያድግና ረዳት ሲያስፈልግ በድንገት ኪሳራ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ኪሳራው አዲስ አይደለም፣ ቀድሞም በእርሷ ትከሻ ላይ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለራሷ የቀን ደመወዝ መድባ፣ እርሱን ወጪ አድርጋ፣ የቀረውን ትርፍ ማለት። የቤቱን ወጪና የሥራውን ገንዘብ በሁለት ሂሳብ መለየትም እንዲሁ። ሥራውን የሚገዛ ወይም የሚያበድር ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር የሁለትና የሦስት ዓመት መዝገብ ነው፤ መዝገብ የሌለው ሥራ በገማች ዓይን ልማድ ነው እንጂ ድርጅት አይደለም።

ዕድገትም ሁልጊዜ እሴት አይጨምርም። በ2016 ሪያድ ውስጥ የተጀመረው የምግብ ማድረሻ መተግበሪያ ጃሂዝ በጃንዋሪ 2022 ኑሙ በሚባለው ሁለተኛው ገበያ አክሲዮኑን በ850 ሪያል አቅርቦ ኩባንያው ወደ 8.9 ቢሊዮን ሪያል ተገመተ፤ እንዲህ ያለው ይወራል፣ በዕድገት መካከል የሚጠፋው ግን አይወራም። ለአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ምሳ የሚያቀርብ ወጥ ቤት ደንበኛው ከ90 ቀን በኋላ የሚከፍል ከሆነ የሦስት ወር ሥጋና ሩዝ ከኪሱ ያበድራል ማለት ነው። ሌላ ሁለት ትልልቅ ደንበኞች ቢጨምር ትርፉ በወረቀት ላይ ይጨምራል፤ ደመወዝ የሚከፍልበት ጥሬ ገንዘብ ግን ያልቃል። ትርፋማ ሆነው የሚዘጉ ሥራዎች ብዙዎቹ በዚህ በር ነው የሚወጡት።

አገር ቤት ለሚጀመር ሥራ ደግሞ የሚለካበት ገንዘብ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ኢትዮጵያ ጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ስትተው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሪያሉ 15 ብር መሆኑ ነው። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር፣ ሪያሉም ከ26 ብር አለፈ። በብር ያስቀመጠና በማሽን ወይም በዕቃ ያስቀመጠ ሰው በዚያ ክረምት እኩል አልወጡም። የሥራ ዕቅድ በብር ብቻ ሠርቶ ማሽኑን በዶላር የሚገዛ ሰው ስሌቱን በሁለቱም ገንዘብ መሥራት ይኖርበታል።

በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ላለ ሠራተኛ

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ የሱቅ ገዢ ሳይሆኑ «ሊትተቅቢል» የሚለው ወረቀት ከተለጠፈበት መስተዋት በስተጀርባ የሚሠሩ ናቸው። ሱቁ ሲሸጥ የእነርሱስ ነገር እንዴት ይሆናል? የሥራ ሕጉ አንቀጽ 18 መልስ አለው። ባለቤትነት ሲዛወር የሥራ ውሉ ይቀጥላል፤ አገልግሎቱም እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል። ከዝውውሩ በፊት ለተከማቸ ደመወዝና የአገልግሎት መጨረሻ ክፍያ የቀድሞውም አዲሱም ባለቤት በአንድነት ተጠያቂ ናቸው። የመጨረሻው ክፍያ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ነው፤ ሰባት ዓመት በ2,000 ሪያል የሠራ ሰው 9,000 ሪያል ይጠብቀዋል።

ሱቁ የግለሰብ ከሆነ ሁለቱ ባለቤቶች የቀድሞውን ዕዳ ሁሉ አዲሱ እንዲሸከም ሊስማሙ ይችላሉ፤ ይህ የሚጸናው ግን ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ካልተስማማ ውሉን አቋርጦ ድርሻውን ከቀድሞው ባለቤት መጠየቅ መብቱ ነው። በርክክብ ቀን ከቁልፉ ጋር ተያይዞ ለፊርማ የሚቀርበው ዐረብኛ ወረቀት አንዳንድ ጊዜ ይህ ስምምነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ነው። በቅርጽ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱንም ከመፈረም በፊት ማስነበብ አንድ ሰዓት አይወስድም።